ከግድግዳው ጀምር፣ ልጄ

ልጄ፣ ያ ግራጫ ኒንቴንዶ አልበራ ብሎህ መሰንበቱን ሰምቻለሁ። እጅህ ጎበዝ ነው፣ ፍላጎትም አለህ፤ ችግርህ ካቻቢቴውን ከጥያቄው በፊት ማንሳትህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስፈታና ስገጥም ኖሬ ያየሁት ይህን ነው፦ አልበራም ያለ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ሆዱ ውስጥ ሳይሆን ወደ እሱ በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ሰው ቧንቧውን አይሰብርም፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄዶ ያያል። ኮረንቲም ከግድግዳው ተነስቶ ቦርዱ ላይ እስኪደርስ የሚሄድበት መንገድ አለው፤ አንተም በዚያው ቅደም ተከተል ተከተለው። የምነግርህ በዋናነት በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ስለወጣው ኒንቴንዶ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ከእሱ የሚለዩበት ቦታ ላይ ስደርስ እነግርሃለሁ።

1. ዕቃውን ከመንካትህ በፊት ታሪኩን ጠይቅ። ከየት መጣ? መጨረሻ የሰካው ማነው? በየትኛው አዳፕተር? ሲጠፋ ድምፅ ወይም ሽታ ነበረው? ወይስ ድሮ እየሠራ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ዛሬ ነው እምቢ ያለው? ወደ አገራችን ከሚገቡት አሮጌ የጌም ማሽኖች ብዙዎቹ በዘመድ ሻንጣ የመጡ ናቸው። ከአሜሪካ የመጣው ለ120 ቮልት፣ ከጃፓን የመጣው ለ100 ቮልት የተሠራ ነው፤ የቤታችን ሶኬት ግን 220 ነው። ባለቤቱ አፍሮ «ማንም አልሰካውም» ሊልህ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ ሳትቆጣው፣ ረጋ ብለህ ደግመህ ጠይቀው። «ሰካሁት፣ ቷ ብሎ ጠፋ» የምትል አንዲት ቃል ካገኘህ ብዙ ፍለጋ ቀረልህ ማለት ነው።

2. አዳፕተሩን ገልብጠህ ጽሑፉን ሳታነብ ሶኬት ውስጥ አትክተተው። «ኢንፑት» የሚለው መስመር ከግድግዳው የሚፈልገውን፣ «አውትፑት» የሚለው ደግሞ ለማሽኑ የሚሰጠውን ይነግርሃል። የአሜሪካው ኒንቴንዶ አዳፕተር የሚለው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ሌላ አይቀበልም። እናንተን የስልክ ቻርጀር አበላሽቷችኋል። እሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያገኘውን ሁሉ ስለሚቀበል ሁሉም ነገር እንደዚያ ይመስላችኋል። የድሮው አዳፕተር ግን ውስጡ ብረት ላይ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ሲያነሱት የሚከብደውም ለዚህ ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ቮልት ሲገባበት ብረቱ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፣ ሽቦው ከልክ ያለፈ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፤ በመጨረሻም ወይ ጥቅሉ ወይ ውስጡ የተቀበረው የሙቀት ፊውዝ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ ከማሽኑ ቀድሞ ይሞታል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ በዚህ ተማምነህ አትሞክረው።

3. ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ስትገዛ ክብደቱን በእጅህ መዝን። ሁለት ዓይነት ዕቃ በአንድ ስም ይሸጣል። አንዱ ብረትና መዳብ ያለው፣ ከ220 ወደ 110 በትክክል የሚያወርድ ነው። ሌላው ቀላል፣ ለፀጉር ማድረቂያና ለውኃ ማፍያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ኮረንቲውን እየቆራረጠ ስለሚሰጥ ለአዳፕተር አይሆንም። የኒንቴንዶው አዳፕተር 17 ዋት ነው የሚወስደው፤ ሃምሳ ዋት ትራንስፎርመር ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ግን እወቅ፦ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተጠቀለለ አዳፕተር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ሞቅ ይላል። ሙቀቱ እጅህን የማያቃጥል ከሆነ አትደንግጥ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ነቅለህ አሳርፈው።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን የአሜሪካውን አዳፕተር ትተህ በ220 የሚሠራ፣ 9 ቮልት ኤሲ የሚሰጥ፣ 1.3 አምፔር የሚችል ሌላ አዳፕተር ፈልግ። በአውሮፓ ከተሸጠው ኒንቴንዶ ጋር የመጣውን ካገኘህ ሥራህ አለቀ። በመንገዱ ላይ ያሉ ሳጥኖች ባነሱ ቁጥር የሚበላሸውም ያንሳል።

4. መሰኪያው ስለገባ ብቻ አዳፕተሩ ልክ ነው አትበል። ይህን ምክር ከሁሉም አስበልጠህ ያዝ፤ ደህና ማሽን ሲገደል ያየሁት በአብዛኛው በዚህ ነውና። ክብ መሰኪያዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ የሚሰጡት ነገር ግን ለየቅል ነው። የአሜሪካው ኒንቴንዶ አዳፕተር ኤሲ ነው የሚሰጠው፤ አውትፑቱ ላይ የማዕበል ምልክት ታያለህ። የጃፓኑ ወንድሙ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ፋሚኮም፣ 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊአምፔር ይፈልጋል፤ ኔጋቲቩም መሃል ላይ ነው። ኒንቴንዶው ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጥ ሬክቲፋየር አለ፤ ፋሚኮም ውስጥ የለም። የኒንቴንዶውን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ ብትሰካው ይገባል፤ ገብቶም ያቃጥለዋል። ካፓሲተሩና ቮልቱን የሚያወርደው ሬጉሌተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊሄዱ ይችላሉ።

ሴጋም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ጀነሲስ 9 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል፣ ኔጋቲቩም መሃል ላይ ነው፤ የኒንቴንዶው መሰኪያ እሱም ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ሞዴል ግን 10 ቮልት ነው፤ መሰኪያው ሌላ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለውም ፖዘቲቭ ነው። ቻይና ሠራሽ የፋሚኮም ቅጂዎች ደግሞ አንዱ ከሌላው ይለያያሉና ከማሽኑ ሆድ ሥር ያለውን ጽሑፍና የፖላሪቲውን ሥዕል ሳታይ ምንም አትሰካባቸው። ቮልቱና ዓይነቱ ልክ መግጠም አለባቸው። አምፔሩ ከተጻፈው ቢበልጥ አይጎዳም፤ ማሽኑ የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ካነሰ ግን አዳፕተሩ ይግላል፣ ቮልቱም ይወርዳል።

ለኒንቴንዶው ብቻ አንድ ነፃነት አለህ። ሬክቲፋየር ስላለው 9 ቮልት ዲሲም ይቀበላል፤ ፖዘቲቩ ከየትኛውም ወገን ቢሆን ግድ የለውም። ያም ሆኖ ዳዮዶቹ ወደ አንድ ቮልት ተኩል ስለሚወስዱና ሬጉሌተሩ በትክክል ለመሥራት ቢያንስ 7 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ ዕድሉ ጠባብ ነው። ደካማ የዲሲ አዳፕተር ትንሽ ወረድ ሲል ማሽኑ ይደነባበራል። ስለዚህ የምትጠቀም ከሆነ ጠንካራውን ምረጥ።

5. አዳፕተሩን በዓይንህ ሳይሆን በቴስተር ፍረድበት። ለኒንቴንዶው ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርግ፤ ዲሲ ላይ አድርገህ ዜሮ ስታይ «ሞቷል» ብለህ እንዳትጥለው። ማሽኑ ላይ ሳይሰካ ስትለካው ከ9 በላይ፣ 10 ወይም 11 ቢያሳይህ ጤነኛ ነው፤ የትራንስፎርመር አዳፕተር ሥራ ሳይኖርበት ከፍ ይላል። ምንም ካላሳየህ ገመዱን መሰኪያው አጠገብና አዳፕተሩ አጠገብ እያጠፍክ እይ፤ ሰው ገመድ የሚጠቀልለው እዚያ ላይ አጥብቆ ስለሆነ የሚበጠሰውም እዚያ ነው። ቁጥሩ እየመጣ ከሄደ ያገኘኸው የተበጠሰ ሽቦ ነው። ገመዱ ደህና ሆኖ ዜሮ ከሆነ ጥቅሉ ሄዷል፤ ያን ጊዜ ሌላ ግዛ። የተጣበቀውን ሳጥን ሰብረህ ለመጠገን አትድከም፤ 220 ቮልት የሚገባበትን ዕቃ በፕላስተር አስሮ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለልጆች ወጥመድ መዘርጋት ነው።

6. መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትመናቸው። በሚመጣበት ቅጽበት ቮልቱ ሊዘል ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቀህ ስካ። ስታቢላይዘር ካለህ እሰየው። ዲቫይደሩንም እይ፦ ስትሰካ ብልጭ የሚል፣ የላላ፣ የጠቆረ ቀዳዳ ካለው ጣለው። ማሽኑ «አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ አይበራም» የሚሉህ ሰዎች ቤት ሄደህ ብታይ ጥፋተኛው ዲቫይደሩ ሆኖ የምታገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

7. ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮረንቲ አትፈልግ፤ ኮረንቲው አለ። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና አዳፕተር ተጣለ! ኒንቴንዶው ውስጥ የካሴቱን ማንነት የሚጠይቅ ቺፕ አለ፤ ካሴቱ ውስጥም የሚመልስለት አቻው ተቀምጧል። ሁለቱ ካልተግባቡ ቺፑ ማሽኑን በየሴኮንዱ ገደማ እንደገና ያስነሳዋል፤ መብራቱም አብሮ ይበራል፣ ይጠፋል። የማይግባቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የካሴቱ እግሮች ስለቆሸሹ ወይም ውስጥ ያለው ባለ 72 እግር ማገናኛ ስለደከመ ነው።

ከዚህ አንድ ጥሩ መፈተኛ ታገኛለህ። ካሴቱን አውጥተህ ማሽኑን አብራው። ብልጭ ድርግም ካለ አዳፕተሩም፣ ሬጉሌተሩም፣ ማብሪያውም ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ክዳኑን ለኮረንቲ ብለህ አትክፈት። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ካሴቱ ከላይ የሚገባበት ሞዴል ግን ይህ ቺፕ ስለሌለው ብልጭ ድርግም አይልም፤ እሱን በዚህ አትፈትነው።

ካሴቱን በአፍህ አትንፋ። ሁላችሁም ትነፋላችሁ፤ ሠራ ብላችሁም ታምናላችሁ። የሠራው ትንፋሹ ሳይሆን አውጥታችሁ እንደገና ማስገባታችሁ ነው። በትንፋሽ የሚገባው እርጥበት እግሮቹን እያደር ያዝጋቸዋል። ከፋርማሲ ከሚገኘው አልኮል ውኃው ያነሰውን፣ ከተገኘ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ገዝተህ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እግሮቹን ጥረግ። ጥጡ ጥቁር ይዞ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግም፣ ከዚያ አድርቀው።

8. መብራቱ ቀጥ ብሎ በርቶ ምስል ከሌለ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠርጥር። የአሜሪካ ማሽን ምስሉን የሚልከው በአሜሪካ ሥርዓት ነው። በአንቴና ገመድ ብታገናኘው የሚያስተላልፍበት ቻናል በእኛ ቴሌቪዥኖች ላይ በቦታው አይገኝም፤ አንዳንድ አሮጌ ቴሌቪዥንም ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል ወይም ያንከባልለዋል። ከማሽኑ ጎን ያሉትን ቢጫና ቀይ ቀዳዳዎች ተጠቀም፤ ቢጫው ምስል፣ ቀዩ ድምፅ ነው። በሌላ ቴሌቪዥንም ሞክር። ይህን ሳታደርግ ብሎን አትንካ።

9. የትኛውን ማሽን መክፈት እንደምትችል፣ የትኛውን መንካት እንደሌለብህ ለይ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ልጄ። ኒንቴንዶው፣ ፋሚኮሙ፣ ጀነሲሱ፣ ሱፐር ኒንቴንዶው፣ አታሪ 2600 ሁሉም ትራንስፎርመራቸው ውጭ ነው፤ ወደ ሆዳቸው የሚገባው አሥር ቮልት አካባቢ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ አይከፉም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን፣ ሴጋ ሳተርንና ድሪምካስት ግን የግድግዳው ኮረንቲ ቀጥታ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። 220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲለወጥ ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል፤ ይህም ካፓሲተር ውስጥ ተጠራቅሞ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። የሚያስተምርህ ሰው አጠገብህ ሳይቆም እነዚህን አትክፈት። የድሮውን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ደግሞ ከነጭራሹ አትንካ። ኮረንቲ ሁለተኛ ዕድል ሳይሰጠው የወሰደውን ሰው አውቃለሁ።

10. ስትከፍት ጠረጴዛህ ንጹሕ፣ ብሎንህ የተቆጠረ ይሁን። ከግድግዳ ንቀል፣ አዳፕተሩን ከማሽኑ አውጣ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫነው፤ ውስጥ የቀረው ይፈስሳል። ኒንቴንዶው ከሥሩ ስድስት ብሎኖች አሉት፤ ተራ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፈታቸዋል። ከዚያ በታች የቆርቆሮው ሽፋን የራሱ ብሎኖች አሉት፤ ርዝመታቸው ይለያያልና ከየት እንዳወጣህ በወረቀት ላይ ሣል። ስልክህም ካሜራ አለው፤ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። የሱፐር ኒንቴንዶ ብሎን ግን ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፤ በቢላ እየቆፈርክ ራሱን አታበላሽበት።

11. ውስጥ ከገባህ በኋላም ያንኑ መንገድ ተከተል። ከኋላ መሰኪያው አለ፤ ቀጥሎ ሬክቲፋየሩ፣ ቀጥሎ ትልቁ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ቀጥሎ 7805 የሚባለው ሬጉሌተር፣ ከዚያ ቦርዱ። ሬጉሌተሩ ሦስት እግር አለው፤ ጽሑፉ ወደ አንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ግራው መግቢያ፣ መሃሉ ኔጋቲቭ፣ ቀኙ መውጫ ነው። ጥቁሩን የቴስተር ገመድ በመቆንጠጫ ቆርቆሮው ላይ አስረህ በቀዩ ብቻ ለካ። ሁለት እጅህን ካስገባህ ቀዩ ጫፍ ተንሸራትቶ ሁለት እግር ያገናኝና ያልነበረ በሽታ ታመጣለህ።

ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርገህ፣ ማሽኑን አብርተህ መግቢያውን ለካ። 11 ቮልት አካባቢ ካገኘህ ከኋላህ ያለው መንገድ ሁሉ ደህና ነው። ምንም ከሌለ ወደ ኋላ ተመለስ፦ መሰኪያው ላይ ኤሲው አለ? ሬክቲፋየሩ ተሻግሮ ዲሲ ይሰጣል? ማብሪያውስ ሲጫኑት ያገናኛል? ኮረንቲው ያለበትን የመጨረሻ ቦታና የሌለበትን የመጀመሪያ ቦታ ካገኘህ በሽታው በሁለቱ መካከል ነው። ከዚህ የበለጠ ጥበብ የለውም፤ የሚያቅተው ትዕግሥቱ ነው።

12. መውጫው ላይ 5 ቮልት ስላጣህ ብቻ ሬጉሌተሩን አትፍረድበት። ከ4.75 እስከ 5.25 ያለው ሁሉ ጤና ነው። መግቢያው ላይ 11 ኖሮ መውጫው ዜሮ ወይም አንድና ሁለት ቮልት ሲሆን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ሬጉሌተሩ ሞቷል፣ ወይ ከእሱ ወዲያ ቦርዱ ላይ ሾርት አለ። 7805 ከልክ በላይ ሲጎተት ራሱን ለመጠበቅ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ስለዚህ ማሽኑን ነቅለህ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ በመውጫውና በኔጋቲቩ መካከል ለካ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ አዲስ ሬጉሌተር ብታስገባም ያው ይሆናል፤ መጀመሪያ ሾርቱን ፈልግ። የወደቀ የስታኞ ፍንጣሪ፣ ቦርዱን የነካ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የፈሰሰ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል። ሾርት ከሌለ ግን ሬጉሌተሩን ለውጥ፤ ርካሽ ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ አይጠፋም።

13. ሲሠራ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚመለስ ማሽን የሚነግርህ ስለ ሙቀት ነው። ሬጉሌተሩ 11 ቮልት ተቀብሎ 5 ሲሰጥ የተረፈውን ሁሉ የሚያወጣው በሙቀት ነው፤ ይህም ብዙ ዋት ነው። የታሰረበት የብረት ሳህን ያንን ሙቀት ካልወሰደለት ሲግል ራሱን ያጠፋል። ብሎኑ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም በመካከላቸው ያለው ነጭ ቅባት ደርቆ አፈር መስሏል። ጥረገው፣ አዲስ ቅባት በስሱ ቀባ፣ ብሎኑን አጥብቅ። ሰዎች አሁን አሁን የማይሞቅ ዘመናዊ ሬጉሌተር ያስገባሉ። ጥሩ ሥራ የሆነው አይከፋም፤ ርካሹ ግን ምስሉ ላይ መስመር ያመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ በዚህ ቦርድ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል።

14. ካፓሲተርን በምልክቱ እወቀው፤ በጅምላ አትለውጥ። ትልቁ ካፓሲተር ሲደርቅ ዲሲው ንጹሕ መሆኑን ያቆማል፤ ምስሉ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚንሸራተት ሰፊ ጥላ ይመጣል፣ ድምፁም ውስጥ እም የሚል ይገባበታል። አናቱ ካበጠ፣ ከሥሩ ቡናማ ፈሳሽ ከወጣ፣ የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ከሸተተህ ጥርጥር የለውም። የምትተካው ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ 25 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ኔጋቲቩን ያሳያል፤ ገልብጠህ ካስገባኸው ይፈነዳል፣ ፊትህም ከላዩ ይሆናል። ደህናውን ሁሉ ነቅሎ አዲስ መትከል ጥገና የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ብየዳ ግን አሮጌውን ቦርድ ያደክመዋል፤ የመዳቡ መስመር ተነቅሎ ከወጣ በቀላሉ አይመለስም።

15. የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ አታሻግር። ሱፐር ኒንቴንዶ ቦርዱ ላይ 1.5 አምፔር የሆነች ትንሽ ፊውዝ አለችው፤ ፖላሪቲው የተገለበጠ አዳፕተር ሲሰካበት ብዙ ጊዜ የምትሄደው እሷ ናት። ፊውዟ የተቃጠለችው ሥራዋን ስለሠራች ነው። በሽቦ ብትተካት ቀጥሎ የሚቃጠለው በገበያ የማይገኘው ቺፕ ይሆናል። ያቃጠላትን ነገር ፈልግ፣ ከዚያ በዚያው አምፔር ተካት።

16. መሰኪያው የሚወዛወዝ ከሆነ ብየዳውን እይ። ዓመታት ሙሉ ሲሰካና ሲነቀል እግሮቹ ዙሪያ ያለው ስታኞ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ በማጉያ መስተዋት ይታያል። መበየጃውን አግለህ፣ ትንሽ አዲስ ስታኞ ጨምረህ አቅልጠው፤ እስኪረጋ አትነቅንቀው። የአታሪ 2600 መሰኪያ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስለሚመስል ሲገባና ሲወጣ ሾርት ሊያደርግ ይችላል፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀል።

17. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ የለካኸውንም ጻፍ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። አዳፕተሩን፣ ሬጉሌተሩንና ካፓሲተሩን አንድ ላይ ለውጠህ ማሽኑ ቢበራ ምኑ እንደነበረ አታውቅም፤ ባይበራ ደግሞ የቱን እንዳበላሸህ አታውቅም። ተራ ደብተር ያዝ፦ መሰኪያው ላይ ይህን ያህል፣ መግቢያው ላይ ይህን ያህል፣ መውጫው ላይ ይህን ያህል ብለህ ጻፍ። እኔ ጋ ስትመጣም «አይሠራም» አትበለኝ፤ ቁጥሮቹን አምጣልኝ። በቁጥሮቹ ቁጭ ብለን ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ዕቃውን ሳላየው በሽታውን አገኘዋለሁ።

18. በራ ብለህ ወዲያው አትዝጋው። ክዳኑን ሳትገጥም ካሴት አስገብተህ አንድ ሰዓት ያህል አጫውተው። በየመሃሉ መውጫውን ለካ፤ 5 ቮልቱ ከሞቀ በኋላም እዚያው መሆን አለበት። የሬጉሌተሩ ሳህን መሞቁ ያለ ነው፤ የተቃጠለ ሽታ ግን ያለ አይደለም። አዳፕተሩንም ዳስሰው። ሁሉ ደህና ከሆነ የቆርቆሮውን ሽፋን መልስ፣ በሣልከው መሠረት ብሎኖቹን በየቦታቸው አስገባ። ስድስቱን የሥር ብሎኖች መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለህ አዙራቸው፤ ድሮ የገቡበትን ጥርስ ሲያገኙ ጠብ ሲሉ ይሰማሃል። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረህ፣ እጅህ እንቢ ማለት ሲጀምር ተው፤ ፕላስቲኩ ጥርሱ ከተበላ ብሎን አይዝም። አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ደግሞ በወረቀት «ለዚህ ማሽን ብቻ፣ 9 ቮልት ኤሲ» ብለህ ጽፈህ ለጥፍ፤ ከአንተ በኋላ የሚሰካው ልጅ ሳያነብ የሚሰካ ሊሆን ይችላል።